የባርኮት አሥር ፍሬሞች

በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ስሙን ብንጠራው ትሕትናው የሚጎዳ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሁሉም ነገር በዕቅድ ይራመድ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ይህ መሥሪያ ቤት ከዕቅዱ በታች ሠርቶ አያውቅም። ዝናብ ሲጠፋ ዕቅዱን አሳካ፤ ዝናብ ሲበዛም አሳካ። ሠራተኞቹ በሙሉ ለሥልጠና ሀዋሳ ሄደው በሩ ተቆልፎ በከረመበት ወር እንኳ አፈጻጸሙ ዘጠና ስምንት ነጥብ አራት በመቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ትጋት ዝም ብሎ ማለፍ ውለታ ቢስነት ስለሚሆን፣ ከመሥሪያ ቤቱ ታላላቅ ሥራዎች አንዱን፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ እዚህ እንጽፈዋለን።

ነገሩ የጀመረው ባርኮት የምትባል ሴት አንዲት የሥራ ክፍል ፈልጋ በመምጣቷ ነው። ባርኮት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራውን የተወችው በንብ ሰም ሥዕል ለመሥራት ነው። ጠጅ ጣዮች ማር ሲበጠብጡ ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ከየቤቱ ትሰበስባለች፤ በውኃ ታፈላዋለች፤ በሻሽ ታጠልለዋለች፤ ሲረጋ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ትፍቃለች። የጠራውን ሰም ከጥቂት የጽድ ሙጫ ጋር አቅልጣ ቀይ አፈር፣ የተፈጨ ጡብ ወይም የድስት ጥላሸት ትጨምርበትና ትኩሱን በኮምፔንሳቶ ላይ ትቀባዋለች። በላዩ የቡና ጆንያ ቁራጭ፣ የእንሰት ቃጫ፣ የዱንጉዛ ጨርቅ ትራፊ ታጣብቃለች፤ ደግሞ ሰም ትደርባለች። በመጨረሻ የጋለ የከሰል ካውያ ሳታስነካ በቅርብ ስታሳልፍበት ሽፋኖቹ ይዋሃዳሉ። የቤተ ሙከራ ልማድ አልለቀቃትምና ሙቀቱን በቴርሞሜትር እየለካች በደብተር ትይዛለች፦ በስድሳ ሦስት ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከሰማንያ አምስት ካለፈ ይጠቁራል።

እንዲህ አድርጋ በሁለት ዓመት አሥር ሥዕል ሠራች። ችግሩ የምትሠራው በተከራየችው ቤት ውስጥ መሆኑ ነበር።

“ባርኮትዬ፣ ሥዕልሽ ያምራል” አሉ አከራይዋ ወይዘሮ አስካለች፤ “እኔ ግን ቤቴን ያከራየሁት ለሰው ነው፣ ለእሳት አይደለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ሰሙ ይውጣ ወይ አንቺ ውጪ።”

“እትዬ፣ ሰሙ ከወጣ እኔም አብሬው መውጣቴ ነው።”

“እሱን ተነጋገሩበት።”

መሥሪያ ቤቱ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ካሠራቸው የቆርቆሮ ሼዶች አንዱ ባዶ መሆኑን ባርኮት ሰምታ ነበር። ሲሚንቶ ወለል አለው፤ በስተምሥራቅ ትልቅ መስኮት አለው። ሄደች። መዝጋቢዋ ዓመለወርቅ ቅጽ አውጥታ ብዕሯን አዘጋጀች።

“የምርት ዓይነት?”

“ሥዕል። በንብ ሰም የሚሠራ፣ ከጨርቅና ከቃጫ ጋር የተቀላቀለ ሥዕል።”

ዓመለወርቅ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደች። ከበላይ የጸደቁ ስድሳ አራት የምርት ዓይነቶች ነበሩ። ብሎኬት አለ፤ ሽመና አለ፤ የዶሮ ጫጩት አለ።

“ሥዕል የለም። ብሎኬት ላድርግልሽ?”

“ብሎኬት አልሠራም።”

“ብሎኬት ከተመዘገቡት ውስጥስ ማን ይሠራል? ለቅጹ ነው እኮ። ቆይ፣ ጥሬ ዕቃሽ ምንድን ነው ያልሽኝ?”

“ሰም።”

“ሰም… ሰም… ዙሪያውን እንጨት አለው?”

“አዎ፣ ፍሬም አለው።”

“አለ!” ዓመለወርቅ በደስታ ጠረጴዛውን መታች። “አርባ አንድ፤ ባለ ሰም ፍሬም! ከመጀመሪያው እንዲህ አትይኝም? ስንት ነው?”

“አሥር። ግን ሥዕል ነው እኮ።”

“ገባኝ እህቴ፣ ግን ዓምዱ ጠባብ ነው። ከአንድ ቃል በላይ አይችልም።”

ተራ ቁጥር አርባ አንድ ስለ ሥዕል የተጻፈ አልነበረም። በዘመናዊ የንብ ቀፎ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚደረደሩ፣ ስስ ሰም የተለጠፈባቸው የእንጨት ክፈፎች አሉ፤ ንቦቹ ማራቸውን የሚሠሩት በእነሱ ላይ ነው፤ ሕዝቡም ባለሙያውም ፍሬም ይላቸዋል። የሥዕልም ክፈፍ ፍሬም ነው። አንድ ቀፎ ደግሞ የሚይዘው ልክ አሥር ፍሬም ነው። ባርኮት ይህን አላጣችውም። የወሩን መጨረሻ አሰበች፤ ስለ መስኮቱም አሰበች። ፈረመች።

ቁልፉን በሳምንቱ ተረከበች። አሥሩን ሥዕሎች በግድግዳው ዙሪያ ደረደረቻቸው፤ የጧት ፀሐይ በሰሙ ውስጥ ሲያልፍ ከሥር ያለው ቀይ አፈር እንደ ፍም በራ። ከጎኗ ባለው ሼድ የሚሠራው አናጢው ቶማ ብቅ ብሎ አየና “እንትናዬ፣ እዚህ ቤት መብራት ገባልሽ እንዴ?” አላት። ባርኮት ለሁለት ወር ያህል በዓለም ላይ ከእሷ የተሻለ የሚኖር ሰው ያለ አልመሰላትም።

በዚሁ ጊዜ የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ መክብብ የዓመቱን ሪፖርት እየጻፈ አንድ ቀፎ ጎደለው። ዕቅዱ መቶ ሃያ ዘመናዊ ባለ ፍሬም ቀፎ ነበር፤ በእጁ ያለው ቁጥር መቶ አሥራ ዘጠኝ። እንዲህ ያለ ጉድለት በሰው ላይ ቢደርስ እንቅልፍ ይነሳል፤ መክብብ ግን ለችግር የማይበገር መሪ ስለነበር መዝገቡን ገለጠ። ባርኮት፣ ፍሬም፣ ባለ ሰም፣ አሥር። መቶ ሃያኛው ቀፎ በክብር ወደ ሪፖርቱ ገባ፤ ሪፖርቱም ሀዋሳ ገባ። ከሀዋሳም መልስ መጣ፦ የልዑካን ቡድን በሁምቦ፣ በተበላ ከተማ አጠገብ በሚከበረው የመስክ በዓል ላይ ተገኝቶ የቀፎ ርክክቡን በዓይኑ ያያል።

ለባርኮት ደብዳቤ ደረሳት። “በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው” ብሎ ይጀምራል፤ ሙከራው በእርግጥ ተሳክቷል። በአጭሩ፣ አሥሩ ፍሬሞች በዕለተ ዓርብ ለአንድ ሞዴል አርሶ አደር ይተላለፋሉ፤ ንብም ይገባባቸዋል።

ባርኮት ደብዳቤውን እንደያዘች ወደ መክብብ ቢሮ ሮጠች።

“አቶ መክብብ፣ ሥዕሎች እኮ ናቸው!”

“ማን አለ?”

“የሠራኋቸው እኔ ነኛ።”

“ፊርማሽ ግን ፍሬም ይላል።”

“መጥተው ቢያዩአቸው…”

“እኔ ካየሁ የግል አመለካከት ይገባበታል። የሚታየው ሰነድ ነው።”

“ንብ እንኳ የለኝም!”

“ሰሙን ማን ሠራው?”

“ንቦች።”

“እንግዲያው!” አለ መክብብ፣ ክርክሩን በደግነት ዘግቶ።

“ሪፖርቱን ማስተካከል አይቻልም?”

መክብብ በሐዘኔታ አያት። “ሪፖርቱ ሀዋሳ ገብቷል። ሪፖርት ከሄደ በኋላ የሚስተካከለው መሬት ላይ ያለው ነገር ነው።” ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፍሬሞቹ ካልተላለፉ ጉዳዩ ‘የሐሰት መረጃ ሰጥቶ ሼድ መያዝ’ እንደሚባል፣ ቁልፉም በዚያው ቀን እንደሚመለስ ነገራት። ባርኮት ሥዕሎቹን ብትሰጥ የምትሠራበት ቤት ይኖራታል፤ የሠራችው ግን አይኖራትም። ባትሰጥ የሠራችው ይኖራታል፤ የምታስቀምጥበት ግን አይኖራትም። መሥሪያ ቤቱ ለተገልጋይ አማራጭ በማቅረብ የታወቀ ነበር።

በማግሥቱ መክብብ የንብ ባለሙያውን ጌታሁንን አስከትሎ ሼዱ መጣ። ጌታሁን ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ደግሞ ለካ።

“ሰባ በዘጠና ነው። የፍሬም ልክ አርባ ሁለት በሃያ ሁለት ነው። ቀፎ ውስጥ አይገባም።”

“ይቆረጥ” አለ መክብብ። “አናጢውን ጥራው።”

ጌታሁን ከፊቱ ያለውን ሥዕል አየ። ዳሞታ ተራራ ነበር፣ የሐምሌው፤ ከቃጫ የተሠራ ደመና ትከሻው ላይ ተኝቷል። “ተራራው እኮ አለበት” አለ።

“አስፈላጊው ክፍል ይቀራል።”

“የቱ ነው አስፈላጊው ክፍል?”

“አርባ ሁለት በሃያ ሁለት የሆነው።”

ቶማ መጋዙን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። ባርኮት ከሥዕሉ ፊት ቆማ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቅጽ እንደምትሞላ ሰው ረጋ ያለ ነበር።

“ጌታሁን፣ መመሪያው በትክክል ምን ይላል? ፍሬሙ በቀፎው ልክ ይሁን ነው የሚለው?”

ጌታሁን ከቦርሳው መመሪያውን አውጥቶ አነበበ። “‘ፍሬምና ቀፎ እርስ በርስ የተመጣጠኑ መሆን ይኖርባቸዋል’ ነው የሚለው።”

“እንግዲያው ቀፎውን አስፉት።”

ከዚያ የመክብብ ፊት ቀስ በቀስ በራ። “ግዙፍ ቀፎ” አለ ለራሱ። “ጌታሁን፣ በክልሉ እንዲህ ያለ ቀፎ አለ?”

“በዓለምም ያለ አይመስለኝም።”

“ጻፈው! የእኛ ተነሳሽነት ብለህ ጻፈው!”

ቶማ በሦስት ቀን ቀፎውን ሠራ። ሲያልቅ የልብስ ቁም ሣጥን ያህላል። “ንብ ነው አንበሳ የሚገባበት?” ብሎ ጠየቀ። “የንብ መግቢያዋንስ አብሬ ላስፋት?”

“ተዋት” አለ ጌታሁን፤ “ንቧ አልሰፋችም።”

ዓርብ ጧት ቀፎው አሥሩን ሥዕሎች በሆዱ ይዞ በአይሱዙ ወደ ቆላው ወረደ። ባርኮት ከኋላ፣ ከሣጥኑ ጎን ተቀመጠች፤ ቴርሞሜትሯን በመግቢያው ቀዳዳ አስገብታለች። ሶዶን ሲለቁ ሃያ አምስት፤ ተበላ ሲደርሱ አርባ አንድ። እስከሚቀልጥ ሃያ ሁለት ዲግሪ ይቀራል። “ከዛፍ ሥር አድርጉት! ወደ ጥላው!” ብላ ስትጮኽ፣ የተቀበሉት ሰዎች ‘ምን ዓይነት ለንብ የምታስብ ሴት ናት’ ተባባሉ።

ልዑካኑ በአቶ ተክለጻድቅ የሚመሩ አምስት ሰዎች ነበሩ። ቀፎውን እንዲረከብ የተመረጠው ሞዴል አርሶ አደር ጋሽ ጦና ነው፤ ሞዴል የሆነው በትጋቱም ነው፣ ቤቱ መኪና የሚደርስበት ስለሆነም ነው። ለቁጥር የሚታክት ንግግር ተደረገ። መክብብ በመጨረሻ ተነሥቶ፣ “ክቡራን እንግዶች፣ ይህ የምታዩት ቀፎ፣ ቀፎ ብቻ አይደለም!” አለ። በዓመቱ ከተናገረው ሁሉ ይህ ዓረፍተ ነገር በእውነትነቱ ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ክዳኑ ተከፈተ። ጌታሁን የመጀመሪያውን ፍሬም ስቦ አወጣ፤ ዳሞታ ከነደመናው ወጣ። ባርኮት ወደ ልዑካኑ ተጠጋች። ሰነድ ያላየው ዓይን ሊያየው ነውና አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‘ሥዕል ነው’ ቢል መክብብ ሊቃወመው አይችልም። አቶ ተክለጻድቅ የፀሐይ መነጽሩን አወለቀ። ቀረበ። ደመናውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

“ንቦቹ” አለ በመጨረሻ፣ “ከየት በኩል ነው ሥራ የሚጀምሩት?”

“ከደመናው፣ ክቡር ኃላፊ” አለ መክብብ።

ሁለተኛው ወጣ፤ በሻንቶ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩበት። “ሴቶችን ያሳተፈ ነው” ብላ አንዷ ልዑክ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሦስተኛው ጭቃ የዋጠው ባጃጅ ነበር። “መሠረተ ልማትም ተካቷል” አለ ሌላው። ባርኮት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

“ሳሮ! ሳሮ!” ብሎ በወላይትኛ ሰላም እያለ ጋሽ ጦና ሰዉን ሰንጥቆ ገባ። በቤቱ ከወላይትኛ በቀር አይናገርም፤ አማርኛን የሚያወጣት ለገበያና ለቢሮ ብቻ ስለሆነ ወንድና ሴት ብዙም አትለይለትም። ዳሞታን አየና በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

“ይሄ ዳሞታ ነው። ይሄ ጋ ደግሞ የእህቴ ቤት ነው። ማን ነው ይሄን ሥዕል የሠራው?”

“እኔ ነኝ፣ አባቴ” አለች ባርኮት።

“አንተ ነህ? ጎበዝ ልጅ! እጅህ ይባረክ!”

“ጋሽ ጦና” አለ መክብብ ቶሎ ብሎ፣ “ፍሬም ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው መረከብ ብቻ ነው።”

“ከተረከብኩ የኔ ነው?”

“በሚገባ።”

“በወረቀት?”

“በወረቀት፣ በማኅተም።”

“የፈለግሁትን አደርገዋለሁ?”

“ለልማት እስከዋለ ድረስ።”

ጋሽ ጦና ፈረመ። ፊርማው እስኪደርቅ እፍ አለበት። ከዚያ ወደ ባርኮት ዞረ።

“በል ልጄ፣ ዘጠኙን ይዘህ ሂድ። ዳሞታን ግን አልሰጥህም፤ ቤቴ ይሰቀላል። እኛ እዚህ ቆላ ነን፤ ደመና ናፍቆናል።”

ባርኮት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ነካች። የመክብብ ፊት ግን አመድ መሰለ።

“ጋሽ ጦና፣ ፍሬሙ ከወጣ ቀፎው ምን ሊሆን ነው?”

“ንብ ይገባበታላ። ንብ ፍሬም ጠይቆ ያውቃል? አባቴ ፍሬም የሚባል አላየም፤ ማር ግን በልተን አድገናል።”

“ፍሬም አልባ!” አቶ ተክለጻድቅ ብዕሩን አወጣ። “ፍሬም አልባ ቀፎ! አዲስ አሠራር ነው?”

መክብብ ትንፋሽ ሳይወስድ “እዚሁ ዞናችን ውስጥ የፈለቀ ነው፣ ክቡር ኃላፊ” አለ።

ባዶው ሣጥን ውስጥ የሰሙ ሽታ ቀርቶ ስለነበር በሁለተኛው ሳምንት አንድ መንጋ ንብ መጥቶ ሰፈረበት። በዚህ ጋሽ ጦና አልተደነቀም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በጣም ተደነቀ። ሠላሳ አራት ገጽ የምርጥ ተሞክሮ ሰነድ ተዘጋጀ። ጋሽ ጦናም ንብን ያለ ፍሬም ስለ ማነብ ሶዶ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ተጠርቶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ሲመለስ ሚስቱ ምን እንዳስተማሩት ብትጠይቀው፣ “የአባቴን ቀፎ” አላት።

ለባርኮት ግን ነገሩ አላበቃም። ዘጠኙ ሥዕሎች ወደ ሼዱ ግድግዳ በተመለሱ በወሩ አዲስ መመሪያ ወጣ፤ ፍሬም ያለፈበት ቴክኖሎጂ ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ፍሬም የሚያመርት ተቋም ቁልፉን ያስረክባል። ባርኮት ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ቢሮ ገባች። ዓመለወርቅና መክብብ በዝርዝሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኘቻቸው። በመስክ በዓሉ ምክንያት መክብብ እድገት ሊያገኝ ስለነበር፣ የዚያ ቀን ባለ ታሪክ ሼድ ተነጠቀች መባሉን አልፈለገም።

“አሁን ያለው ፍሬም አልባ ብቻ ነው” አለች ዓመለወርቅ።

“እንግዲያው ፍሬሟም ፍሬም አልባ ይሁን” አለ መክብብ።

“ፍሬም አልባ ፍሬም?”

“ጻፊው። ዓምዱን አስፊው።”

ዓመለወርቅ ዓምዱን በማስመሪያ አሰፋች። “የዓመቱ ዕቅድ ብዛትስ? ፍሬም አልባ ከሆነ ስንት ፍሬም ልታመርት ነው?”

መክብብ አሰበ። “ምንም።”

“ዜሮ ልበል?”

“ዜሮ በይ።”

ባርኮት ፈረመች፤ ቁልፉን ወደ ኪሷ መለሰች። ዓመቱን ሙሉ ከጧት እስከ ማታ ሰም ስታቀልጥ፣ ስትቀባ፣ ካውያዋን ስታሳልፍ ከረመች፤ አሥራ አራት ሥዕል ሠራች። የክትትል ኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ እየመጣ በሥዕሎቹ መሀል ተዘዋውሮ ፍሬም አልባ ፍሬም ፈለገ፤ አንድም አላገኘም፤ በጣም ተደስቶ ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ አፈጻጸሟ ሲሰላ፣ ካልኩሌተሩ ዜሮን ለዜሮ ሲያካፍል ‘ስሕተት’ ብሎ ሥራውን ለጊዜው አወከ። ማሽኑ የአመለካከት ችግር እንዳለበት ተገምግሞ፣ በእጅ ሲሰላ መቶ በመቶ ሆነ። በስድሳ አራቱም የምርት ዓይነቶች ያለ ምንም ጥርጥር ያቀደውን ልክ ያመረተ ተቋም የእሷ ብቻ ነበር።

በአዳራሹ፣ በጭብጨባ መሀል፣ የሞዴል ተቋም የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ተሞክሮዋን እንድታካፍል ስትጠየቅ፣ “ሥዕሌን ስሠራ ጊዜ አጥቼ ነው አንድም ፍሬም ያላመረትኩት” አለች። ንግግሯ በትሕትናው ተደነቀ፤ የብሎኬት አምራቾች ማኅበርም ልምድ ለመቅሰም ቀጠሮ ያዘ። ከዚያም የሥራ ሂደቱ፣ እንዲህ ያለ አቅም ባለበት መቆም እንደሌለበት በማመን፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅዷ በእጥፍ እንዲያድግ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ባርኮት ጫናው ከባድ መሆኑን አልሸሸገችም፤ ቢሆንም ሳትታክት ሠርታ እንደምትወጣው ቃል ገባች።